በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰ ቅርስን በጋራ መጠገን፦ ስለ ካትማንዱ ሸለቆ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2015ቱ የኔፓል መሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ ስለ ቅርስ ጥገናው በብዛት የሚጠየቁትን ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በካትማንዱ ምን ደረሰ? ምን ያህል ቅርስስ ተጎዳ?

ኤፕሪል 25 ቀን 2015 እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት መጠኑ 7.8 ሆኖ የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ኔፓልን መታ። 9,000 ገደማ ሰዎች ሞቱ። በ17ኛው ቀን፣ ሜይ 12፣ 7.3 የደረሰ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለና ተሰነጣጥቀው የቆሙትን ጨረሳቸው። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ቆጠራ ባህላዊ፣ ታሪካዊና ሃይማኖታዊ ዋጋ ያላቸው 2,900 ገደማ ሕንጻዎች ተጎድተው ተገኝተዋል።

የካትማንዱ ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 ነው፤ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በተመዘገበበት ዓመት ማለት ነው። ምዝገባው ሰባት ቦታዎችን ይይዛል፦ የካትማንዱ፣ የፓታንና የባክታፑር ቤተ መንግሥት አደባባዮችን፣ የስዋያምቡና የቦውዳናት ስቱፓዎችን (ጉልላት መሰል የቡድሂስት መቅደሶችን)፣ የፓሹፓቲና የቻንጉ ናራያን ቤተ መቅደሶችን። ክፉኛ የተመቱት ሦስቱ አደባባዮች ናቸው።

አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ እንዴት ቆመ?

አንዱ ምክንያት የመንቀጥቀጡ ዓይነት ነው። ካትማንዱ የተቀመጠችው በጥንታዊ ሐይቅ ደለል ላይ ነው፤ ያን ቀን ደለሉ እንደ ሞላ ገንዳ ውሃ ቀስ ብሎ፣ በአራትና በአምስት ሴኮንድ አንዴ ነበር የሚወዛወዘው። እንዲህ ያለው ዝግተኛ ውዝዋዜ ከአጭር ሕንጻ ይልቅ ረጅሙንና ቀጭኑን ይጎዳል። ዳራሃራ የሚባለው ነጭ ግንብ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ የቀረው ለዚህ ነው። በባክታፑር ያለው ባለ አምስት ጣሪያው ንያታፖላ ግን በ1702 በሰፊ የደረጃ መሠረት ላይ በወፍራም ግድግዳ የተሠራ ስለሆነ የ1934ቱንም የ2015ቱንም መንቀጥቀጥ ከላዩ ከደረሰበት ጉዳት በቀር ቆሞ አሳልፏል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳፍራል፤ የእንክብካቤ ጉድለት ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የእንጨት ጫፍ ይበሰብሳል፤ ከውጭ የሚታየው ክፍል ግን ደህና ይመስላል። ግድግዳው ራሱ ሦስት ድርብ ነው፦ ከውጭ የተዋበ ጡብ፣ ከውስጥ ተራ ጡብ፣ መሃሉ ስብርባሪና ጭቃ። ድርቦቹን የሚያስተሳስር እንጨት ከበሰበሰ ሲናወጥ የውጪው ቆዳ ብቻውን ተገልብጦ ይወድቃል።

ካስታማንዳፕ ለምን ወደቀ? መሠረቱ ደካማ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ካትማንዱ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ነው። በወደቀበት ሰዓት ውስጡ የደም ልገሳ ይካሄድ ነበር። አደጋው እንደ ደረሰ ብዙዎች «መሠረቱ አርጅቷል፤ በኮንክሪት ይተካ» ብለው ነበር። የኔፓል አርኪዮሎጂ መምሪያ፣ ዩኔስኮና የእንግሊዙ ዱራም ዩኒቨርሲቲ አብረው ሲቆፍሩ የጡብ መሠረቱን ምንም ሳይሆን አገኙት። ሲመረመርም ዕድሜው ወደ 7ኛው መቶ ዘመን ተመለሰ፤ ሕንጻው ከዚያ በፊት የሚገመተው የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ነበር።

ጉድለቱ የተገኘው ከላይ ነው። አራቱ ግዙፍ ምሰሶዎች እያንዳንዳቸው በመቀመጫ ድንጋይ ላይ ማረፍ ነበረባቸው፤ የምሰሶው ጫፍ ሾጥጦ ድንጋዩ ላይ በተፈለፈለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የሰሜን ምሥራቁ ድንጋይ ግን አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዘመን በተደረገ ዕድሳት ወለሉ ሲነጠፍ ይህ ክፍተት ተሸፈነ፤ እርጥበትም የእንጨቶቹን ጫፍ በላው። ስለዚህ አዳራሹን የጣለው የጥንቱ ግንበኛ ስህተት ሳይሆን የቅርቡ ዕድሳት ነው። ሳይቆፈር ኮንክሪት ቢፈስስ ኖሮ ጤነኛ መሠረት ፈርሶ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

አደጋው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ይደረጋል?

ከሁሉ በፊት ሰው ይወጣል፤ ስለ ቅርስ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ፍርስራሹን ከአዳኞች የጭነት መኪና ማዳን ይመጣል። ቅርስ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመንቀጥቀጡ ሳይሆን መንገድ ለመክፈት በሚገባው ሎደር ነው፤ ማሽኑ የተቀረጸውን እንጨት ከጡብ ጋር ቀላቅሎ ይሰባብረዋል፣ ከሥሩ ያለውንም የአርኪዮሎጂ ንብርብር ያርሰዋል። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ክምሩ ሳይነካ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሳል፤ ቦታው በገመድ በካሬ በካሬ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ የተቀረጸ ክፍል ከየትኛው ካሬ እንደ ተነሳ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ከተጻፈ በመጀመሪያው ዝናብ ይጠፋል። ስለዚህ ውሃ የማያጠፋው የፕላስቲክ ወይም የብረት መለያ በሲባጎ ይታሰራል እንጂ በምስማር አይመታም፣ በሙጫም አይለጠፍም።

ካትማንዱ ላይ ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ ክረምቱ በጁን አጋማሽ ስለሚገባ ያለው ሰባት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ጡብ ላይ ይደረደራል፣ በየመሃሉ አየር ይተውለታል፣ ሸራው ከላይ ይወጠራል እንጂ እንጨቱን አይነካም። ሸራ የተጠቀለለበት እርጥብ እንጨት በጥቂት ሳምንት ይሻግታል። ፓታን ላይ ነዋሪዎች፣ ፖሊስና ወታደሮች እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ክፍሎቹን ወደ ሙዚየሙ ግቢ ስላስገቡ ከስርቆትም ከዝናብም ብዙ ተርፏል።

ወደ ቆመ ሕንጻ ለመግባት መቸኮል ሌላው ስህተት ነው። በ1997 በጣሊያን አሲሲ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ባሲሊካ ጣሪያ የወደቀው ጉዳቱን ለማየት የገቡ ሰዎች ውስጡ እያሉ ነው፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ቀላል የእንጨት ድጋፍ ከውጭ ሳይቆምለት፣ አንድ ሰውም ውጭ ቆሞ ሰዓት ሳይዝ ማንም አይግባ።

የውጭ ድጋፍ የሚመጣው ከማን ነው? ምን ይሠራል?

ከአንድ በር አይመጣም። በካትማንዱ አደባባይ ጋዲ ባይታክ የተባለውን የ1908 የቤተ መንግሥት ሕንጻ የአሜሪካ የአምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ደገፈ፤ ባለ ዘጠኝ ፎቁን የባሳንታፑር ግንብ በ2017 የቻይና ቡድን ያዘ፤ ጃፓኖችም በዚያው ግቢ ሠርተዋል። ፓታን ላይ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የካትማንዱ ሸለቆ ጥበቃ ትረስት ከጀርመን መንግሥት ድጋፍ አገኘ፤ ከቪየና የተግባራዊ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎችም የቤተ መንግሥቱን የድንጋይ ቅርጾች ጠገኑ። የቦውዳናት ስቱፓ ግን በቡድሂስት ምእመናን መዋጮ ተጠግኖ በኖቬምበር 2016 ከሁሉ ቀድሞ ተመረቀ።

ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ውስጥ በቀላሉ የማይተካው ገንዘቡ አይደለም። ሌዘር ስካነር፣ የዕድሜ ምርመራ፣ የመዋቅር ስሌትና የቆየ ሥዕል ናቸው። በ1970ዎቹ ጀርመናውያን አርክቴክቶች የሸለቆውን ቤተ መቅደሶች እየለኩ ያነሱት ሥዕል ከ40 ዓመት በኋላ ፍርስራሽ ለሚደረድሩ አናጺዎች መመሪያ ሆነ። በአንጻሩ እንጨት መቅረጽንና ጡብ መደርደርን ከኔዋር (ከሸለቆው ነባር ሕዝብ) የእጅ ባለሙያዎች የበለጠ የሚያውቅ የውጭ ሰው የለም። ይህን ገልብጦ የገባ ፕሮጀክት ሁሉ ተቸግሯል።

ዩኔስኮ ገንዘብ ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ግን ሰዎች የሚገምቱትን ያህል አይደለም። ከዓለም ቅርስ ፈንድ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚጠየቅ እርዳታ እስከ 5,000 ዶላር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ማዕከል ዳይሬክተር፣ ከዚያ በላይ እስከ 75,000 ዶላር በዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይፈቀዳል፤ ከዚያ የሚበልጠው ለኮሚቴው ይቀርባል። ዓመታዊ መዋጮዋን ያልከፈለች አገር ሌላውን እርዳታ ማግኘት አትችልም፤ የአስቸኳይ ጊዜው ግን አይከለከልም። ይህ ገንዘብ ለሸራ፣ ለድጋፍ እንጨት፣ ለመጋዘንና ለባለሙያ ይበቃል፤ ቤተ መቅደስ አይሠራም።

ለመጀመሪያ እርዳታ ፈጣን የሆነው የባህል አስቸኳይ ምላሽ የሚባለው ድርጅት ነው፤ የተጀመረው በ2003 የባግዳድ ሙዚየም ከተዘረፈ በኋላ በሆላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ሥር ነበር። ስልጠና ከሆነ ኢክሮም የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል አለ፤ አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ወር ካትማንዱ ላይ አሰልጥኗል።

ጭቃ ደካማ አይደለም? ለምን በሲሚንቶ አይገነባም?

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የዋለበት ስብሰባ የለም። ጭቃ ከሲሚንቶ ደካማ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። የጥንት ጡብ ለስላሳ ነው። ማልታው ከጡቡ ሲጠነክር መናወጡ የሚሰነጥቀው ጡቡን ይሆናል። ማልታው ሲላላ ግን ግድግዳው በመጋጠሚያው ተንሸራትቶ ጉልበቱን ያበርዳል፤ የተጎዳው ክፍልም ተፈትቶ ያው ጡብ እንደገና ይደረደራል። በሲሚንቶ የተያያዘ ጡብ ግን ሲፈታ ይሰበራል፣ ሁለተኛ አያገለግልም። ከዚህ ሌላ ሲሚንቶ እርጥበትን አያስወጣም፤ ውሃው ወደ እንጨቱ ጫፍ ይሸሻል፣ ጨውም የጡቡን ፊት ይልጣል።

የጭቃ ጠላት ውሃ ነው። ኔዋሮች ለዚህ ዳቺ አፓ የሚባል ጡብ አላቸው፤ ከፊት ሰፋ ከኋላ ጠበብ ያለ ስለሆነ ሲደረደር ፊቱ ይገጥማል፣ ጭቃው ከኋላ ይቀራል፣ ዝናብ አያገኘውም። ለዝናብ በሚጋለጠው ቦታ ደግሞ ኖራና የጡብ ዱቄት ያቦካሉ፤ ሱርኪ ይሉታል። በተለምዶ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋና የጡብ ዱቄት ተይዞ ይጀመራል፤ ትንሽ ሙከራ ግድግዳ ላይ ታይቶ ይስተካከላል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በጥድፊያ ነው፦ ኖራው በቂ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሳይቆይ ይቦካል፣ ያልበረደው ፍንጣሪ በኋላ ግድግዳው ውስጥ አብጦ ልስኑን ይፈነቅላል። በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ኖራም አይጠነክርም፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቀናት መሰንበት አለበት።

ራኒ ፖካሪ የተባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ኩሬ ላይ ኮንክሪት መግባት ሲጀምር ነዋሪው ተቃውሞ ሥራው ቆመ፤ በኋላ በጡብና በሸክላ አፈር ተሠርቶ በ2020 ተመረቀ። ዳራሃራ ደግሞ በኮንክሪት ተሠርቶ በ2021 ተመረቀ። የመጀመሪያው ጥገና ነው፤ ሁለተኛውን አዲስ ግንብ ብንለው ይሻላል።

ብረት በስውር ማስገባትስ ይፈቀዳል?

ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚከራከሩበት ይህ ነው። አንደኛው ወገን የምሰሶና የወራጅ መገጣጠሚያ ላይ የማይዝግ ብረት፣ በየፎቁ ዙሪያም ማሰሪያ ካልገባ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ሰው ይገድላል ይላል፤ ፓታን ላይ የተሠራው ብዙው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ወገን የጥንቱ የእንጨት ማገርና ውሻል በትክክል ከተሠራ ይበቃል ባይ ነው።

እኛ የምንመዝነው በሦስት ነገር ነው፦ ያለ ማፍረስ ተመልሶ ይወጣል ወይ? የሚያስረው የአንድን መገጣጠሚያ ድክመት ነው ወይስ ሕንጻውን በሙሉ ያደነድነዋል? ቦታው በሥዕል ተመዝግቧል ወይ? አንዱን ክፍል ብቻ ማጠንከር አደጋ አለው፤ ጉልበቱ ወደ ጎረቤቱ ደካማ ክፍል ይሄዳል። ተራ ፌሮ ጭቃ ውስጥ ማስገባት ግን በየትኛውም ሚዛን አይቆምም፤ ዝጎ ሲያብጥ ጡቡን ከውስጥ ይፈነክተዋል።

ግማሹ እንጨት አዲስ ከሆነ ቅርሱ «ያው ራሱ» ነው?

የቅርስ ጥገና መርሆችን በደነገገው በ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር መንፈስ ካየነው የጥንቱ ቁስ ይቀድማል፤ መላምት ሲጀምር ጥገና ያበቃል። የ1994ቱ የናራ ሰነድ ደግሞ የእውነተኛነት መለኪያ ከቁስ አልፎ ቅርጹን፣ ጥበቡንና አገልግሎቱን እንዲጨምር አደረገ። ለኔዋሮች የበሰበሰ እንጨት መተካት የቤተ መቅደሱ ሕይወት ነው፤ አምላኩ ከማደሪያው ሳይወጣ በፊት የይቅርታ ሥርዓት ይፈጸማል፤ ሲመለስም እንዲሁ። የውጭ መሐንዲስ የሥራ መርሐ ግብር ሲያወጣ እነዚህን ቀናት ካልቆጠረ ሠራተኞቹ ፖንቴው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።

በተግባር ደንቡ ቀላል ነው። ከፍርስራሹ የተነሳ ማንኛውም ክፍል መጀመሪያ ለራሱ ቦታ ይሞከራል። ግማሹ የበሰበሰ ምሰሶ ጤናማው ይተርፋል፣ አዲስ እንጨት ይቀጠልበታል። ጨርሶ የጠፋው ብቻ አዲስ ይቀረጻል፤ ፎቶ ወይም ሥዕል ከሌለውም የአምላክ ምስል አይፈጠርለትም። አዲሱ ክፍል ከማይታየው ጎኑ ዓመተ ምሕረት ይቀረጽበታል።

ገንዘብ ቃል ተገብቶ ሥራው ለምን ለዓመታት ተጓተተ?

በጁን 2015 በካትማንዱ በተደረገው ጉባኤ ለአጠቃላይ መልሶ ግንባታው 4.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገባ። የመልሶ ግንባታ ባለሥልጣኑ የቆመው ግን በዲሴምበር ነው። ከዚያ በኋላ ያሰረው ጨረታ ሆነ፤ የግዢ ሕጉ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሰጣል። ያሸነፈው ተቋራጭ መንገድና ድልድይ የሠራ ነው፤ ጠራቢ የለውም፤ በዋጋው ደግሞ ጥሩ ጠራቢ አይቀጠርም።

ሁለተኛው እንጨት ነው። ሳል የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ያስፈልጋል፣ ትልልቁ ግንድ እንደ ልብ አይገኝም። የአናጺዎች ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ማድረቅ ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ይለቅ የሚል ለጋሽ እርጥብ እንጨት ያስገባል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ውሻሉም ይላላል። ካስታማንዳፕ ራሱ ሥራው የተጀመረው በ2018 ነው፤ ነዋሪዎች ተቃውመው ከተቋራጭ እጅ ወጥቶ በኮሚቴ ከተያዘ በኋላ።

ባክታፑር የጀርመንን ገንዘብ ለምን አልቀበልም አለ?

በ2018 የባክታፑር ማዘጋጃ ቤት 10 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የነበረውን የጀርመን ድጋፍ መለሰ። ጀርመኖች እዚያው ከተማ ከ1974 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርተው ስለነበር ብዙ ሰው ገረመው። ጠቡ ከገንዘቡ ጋር በመጡት የጨረታና የአማካሪ ቅድመ ሁኔታዎች ላይ ነበር። ከተማዋ በራሷ በጀት፣ በነዋሪዎች ኮሚቴና በራሷ አናጺዎች መሥራትን መረጠች፤ ያስኬዳትም እሱ ነው።

ይህ የሚሆነው መሠረቱ ስላለ ነው። ሸለቆው ውስጥ ጉቲ የሚባል ማኅበር አለ፤ ከእድርና ከጽዋ ማኅበር ጋር ይቀራረባል፤ ግን መሬት አለው፣ ከመሬቱ በሚገኘውም ቤተ መቅደሱን ያድሳል። ማኅበሩ በደከመበት ቦታ «ለነዋሪው ስጡ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ የሚይዝ፣ ጥራት የሚቆጣጠርና ክፍያ በወቅቱ የሚለቅ አካል ያስፈልጋል። ለጋሹ ራሱን እንዲህ ቢጠይቅ ይሻላል፦ ኦዲቴን ሳልተው የመቅጠር ሥልጣኑን ልተው እችላለሁ?

«አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» መባል ቅጣት ነው?

በደንቡ አይደለም፤ እርዳታ መጥሪያ ነው። መንግሥታት ግን እንደ ነውር ያዩታል። የካትማንዱ ሸለቆ ከ2003 እስከ 2007 በልቅ ግንባታ ምክንያት መዝገቡ ላይ ነበር፤ ከ2015 በኋላም አማካሪ አካላት ደጋግመው እንዲገባ ሲመክሩ ኔፓል ጊዜ ስጡኝ እያለች ሳይገባ ቀረ። የኢራኗ ባም በ2003 መጨረሻ ፈርሳ በ2004 በአንድ ጊዜ በዓለም ቅርስነትም በአደጋ መዝገብም ገባች፣ በ2013 ወጣች። የእኛም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 በዚያው መዝገብ ቆይቶ ወጥቷል።

ይህ አሠራር ለጎንደር ወይም ለላሊበላ ይሠራል?

በከፊል ብቻ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ የወደቀ ጡብ ለቅሞ መደርደር የሚባል ነገር የለም። እዚያ ዋናው ሥራ ስንጥቆቹ በስንት ሚሊ ሜትር እየሰፉ እንደሆነ መለካት ነው፤ ከመንቀጥቀጥ በፊት የተለካ ቁጥር ከሌለ አዲሱን ስንጥቅ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ፋሲል ግቢ ይበልጥ ይቀራረባል፤ ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ያስገቡት ሲሚንቶና ኮንክሪትም ካትማንዱ የተከራከረበትን ችግር እዚያ አስከትሏል፤ በኋላ የተሠራው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ ነበረበት።

ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችለው ልኬቱ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካን አድርጓል። እንዲህ ያለው ፋይል ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በቦታው፣ በአዲስ አበባና ከአገር ውጭ። በየአምስት ዓመቱም ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ፤ ፋይሉ ደህና ሆኖ የሚከፍተው ሶፍትዌር የሚጠፋበት ጊዜ አለና። ከእሱ ጎን የበሩ፣ የመስኮቱና የቅርጹ ፎቶ በወረቀት ታትሞ ደብሩ እጅ ይቀመጥ፤ አደጋው በደረሰ ማግስት መብራትም ኢንተርኔትም አይኖርም።